ለሠዓሊ የሚሆን ፎቶ

(ምስል፦ የሥዕል ክፍል፤ በእርሳስ የተጀመረ የሴት ፊት፣ ከጎኑ የተለጠፈ ፎቶ)

ተራኪ፦ ከፎቶ የሚሠራ የሰው ምስል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሠዓሊው እርሳስ ሳያነሳ ነው። ፎቶው ላይ ያልታየን ዓይን ከየት ያመጣዋል? ገምቶ ይሞላዋል፤ ግምቱ ደግሞ ቤተሰቡ የሚያውቀውን ሰው አይመስልም። ከፎቶ መሣልን የሚንቁ አሉ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዴላክሯ ግን እ.ኤ.አ. በ1854 ፎቶ አንሺው ዱሪዩ ካነሳቸው ፎቶዎች ሥሏል።

እናቶቻችን ለፎቶ ነጭ ነጠላ ይለብሳሉ። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ ጠይሙ ፊት ይጨልማል። መላው ቀላል ነው፤ ስልኩ ላይ ፊታቸውን በጣት ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን በፊታቸው ልክ አስተካክሉ። ነጠላው ከመጠን በላይ ቢነጣ ግድ የለም። ነጠላ ሌላ ቀን ታይቶ ይሣላል።

(ምስል፦ መስኮት አጠገብ የተቀመጡ አዛውንት)

ተራኪ፦ ፍላሹን አጥፉት። ፊት ለፊት መጥቶ ጥላውን ያጠፋል፤ የአፍንጫን ቁመት፣ የጉንጭን ጉድጓድ ለሠዓሊ የሚያሳየው ደግሞ ጥላ ነው። ብርሃን ከአንድ ወገን እንዲመጣ መስኮት አጠገብ አስቀምጧቸው። ደጅ ከሆነ የቀኑን 6 ሰዓት ፀሐይ ሽሹ፤ ከአናት ስትወርድ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል። ስልኩን ፊታቸው ላይ አትደቅኑ፤ ቅርበት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሸሻል። 2 ሜትር ያህል ራቅ በሉ። ፊት የሚያለሰልሰው ፊልተርም ይጥፋ፤ ሠዓሊ ሽበቱንም የፊቱን መስመርም ይፈልጋል።

(ምስል፦ ግቢ ውስጥ የተኛ ጥቁር ውሻ)

ተራኪ፦ የሚሣለው ውሻ ከሆነ ደግሞ፣ ቆመው ቁልቁል ሲያነሱት ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ እግሩ ያጥራል። ተንበርከኩ፤ ካሜራው ከዓይኑ እኩል ይሁን። ጥቁር ከሆነ ደመናማ ቀን ምረጡ፤ ፀጉሩ ያኔ ተለይቶ ይታያል። ፍላሽ ለውሻም ለድመትም አይሆንም። በዓይናቸው ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ዓይናቸው ይንቦገቦጋል፣ እውነተኛው ቀለም ይጠፋል።

ለሠዓሊው አንድ ፎቶ ብቻ አትስጡት። በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል ይሁን፤ በፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንስና ሽፋሽፍቱ እንኳ ይደበዝዛል።

ለሙት ዓመት ሥዕል የሚያሠራ ቤተሰብ አንዳንዴ በእጁ ያለው ከመታወቂያ የተወሰደ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ በደህና ብርሃን አንሷቸው።