የሄዱት ብዙ፣ የጻፉት ጥቂት

እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ደርቭላ መርፊ የምትባል የ35 ዓመት አየርላንዳዊት ምጽዋ ገባች። ሐሳቧ የሰሜኑን ደጋ በእግሯ አቋርጣ አዲስ አበባ መድረስ ነበር። መቀሌ ላይ በልዕልት አይዳ ደስታ እርዳታ የጭነት በቅሎ አገኘችና በአሳታሚዋ ስም «ጆክ» አለችው። ሰሜን ተራሮችን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን እያለች ለወራት ተጓዘች። የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነውና ደጃፍ የከፈቱላት ቤቶች እንጀራና ጠላ አቀረቡላት፤ ቁንጫውም አልቀረላትም። ዘራፊም ገጥሟታል። ይህን ሁሉ ሳታስውብ ጻፈችውና መጽሐፉ በ1968 ታተመ።

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» በሚባልበት አገር ፈረንጅ ሴት ብቻዋን በቅሎ ስትጎትት ያየ ገበሬ ቢደነቅ አይፈረድበትም። እሷ በመጣችበት ዓለም ከእሷ በፊት የነበሩ ምሁራንም ቢሆኑ ነገሩን በቀላሉ አልተቀበሉትም። የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ ተጓዧን ኢዛቤላ በርድን ከመጀመሪያዎቹ ሴት አባላቱ አንዷ አድርጎ የተቀበላት በ1892 ነው። በርድ ያን ጊዜ ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት ነበረች፤ በአሜሪካ ሮኪ ተራሮች በፈረስ ተጉዛ የጻፈችው መጽሐፍ ከታተመ 13 ዓመት አልፎታል። በዓመቱ የማኅበሩ ወንዶች ተከራክረው በሩን መልሰው ለሴቶች ዘጉት። የተከፈተው በ1913 ነው። ሴቶቹ መሄዳቸውንማ ማንም አልካደም፤ የከበደው ያዩትን እንደ ዕውቀት መቁጠር ነበር። የጉዞ ማስታወሻ ለሴቶች ትልቅ መሣሪያ የሆነውም ለዚህ ነው። ማኅበር ባይቀበላቸውም አንባቢ ተቀብሏቸዋል።

እነዚህ መጻሕፍት አንባቢን ከቤት የሚያስወጡት በምንድን ነው? ብዙ ሰው የመልክዓ ምድሩን ውበት ይጠቅሳል። ለእኔ ግን ጉልበታቸው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከመነሣት በፊት ያለውን ጣጣ፣ ፍርሃቱንና ወጪውን ሳይደብቁ በመናገራቸው ነው።

የመርፊን ሕይወት እንይ። ለአሥረኛ ልደቷ ብስክሌትና አትላስ ተሰጣት፤ ያኔ በብስክሌት ሕንድ እንደምትሄድ ወሰነች። ነገር ግን በ14 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ የያዘች እናቷን ማስታመም ጀመረች። አባቷ በ1961፣ እናቷ በ1962 አረፉ። በጥር 1963፣ አውሮፓ በከባድ ብርድ ተይዛ ሳለ፣ «ሮዝ» ባለቻት ብስክሌት ከአየርላንድ ተነሣች። ዩጎዝላቪያ ውስጥ ተኩላ ሲመጣባት በያዘችው ሽጉጥ ተከላከለች፤ በዚያው ዓመት ዴልሂ ገባች። በ1965 የታተመውን ይህን የጉዞ ታሪክ አንዲት አስታማሚ ልጅ ብታነብበው የምታገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሐሳብ ሃያ ዓመት ቢዘገይም አይበላሽም።

አውስትራሊያዊቷ ሮቢን ዴቪድሰን በ1977 ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነሥታ አራት ግመሎችና አንድ ውሻ ይዛ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጣለች። ከዚያ በፊት ግን የግመል አያያዝ እየተማረች በከተማዋ ከርማለች። «ትራክስ» የተባለው መጽሐፏ ስለ በረሃው ብቻ ሳይሆን ስለዚህ የሥራ ትምህርትም ይናገራል። አሜሪካዊቷ ቼሪል ስትሬድ ደግሞ እናቷ ሞታ፣ ትዳሯ ፈርሶ በ1995 በምዕራብ አሜሪካ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ሄደች። ሻንጣዋ ከመክበዱ የተነሣ ከመሬት ማንሣት አቅቷት ነበር፤ ጫማዋም ጠብቦ የእግሯን ጥፍሮች አስወለቃት። በ2012 የወጣው «ዋይልድ» ብዙ ሴቶችን ወደዚያ መንገድ የሳበው ጀግና ስለሳለ አይደለም። እንዲህ ተሳስታ የደረሰች ካለች እኔስ ለምን አልሞክርም ስላሰኘ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሚሸሽገው ነገርም አለ። በ2006 የታተመው የኤሊዛቤት ጊልበርት «ኢት ፕሬይ ላቭ» በሚሊዮኖች ተሽጧል። የጣሊያን፣ የሕንድና የባሊ ጉዞዋ ወጪ የተሸፈነው ግን አሳታሚዋ ለመጽሐፉ ቀድሞ በከፈላት ገንዘብ ነው። መርፊ በቁጠባ ብትኖርም የያዘችው ፓስፖርት የአየርላንድ ነበር። አንዲት አዲስ አበቤ ወጣት መጽሐፉን አጥፋ ልነሣ ብትል ከተኩላና ከበረሃ በፊት የሚጠብቃት የኤምባሲ መስኮት ነው፤ የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ትኬት፣ «ለመመለስሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» የሚል ጥያቄ።

መስከረም ኃይሌ ከኬፕታውን ካይሮ ያደረገችውን ጉዞ «አቢሲኒያን ኖማድ» በሚል መጽሐፍ ማውጣቷ ዋጋ የሚሰጠው ለዚህ ነው። አፍሪካን የሚተርክልን ፈረንጅ ብዙ ነው፤ አፍሪካን አቋርጣ የጻፈች ኢትዮጵያዊት ግን እጅግ ጥቂት ናት። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ደግሞ ብዙዎቹን አንባቢዎቿን ከደጅ ያስቀራል።

ኢትዮጵያውያት ብቻቸውን አይሄዱም የሚል ካለ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ይቁም። ወደ ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ኩዌትና ዱባይ ለቤት ሥራ የሚበሩት ልጆች ብዙዎቹ ቋንቋውን አያውቁም፤ የሚቀበላቸውን ሰው በመልክ አይለዩም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ጉዞ አገደ፤ እገዳው እስከተነሣበት እስከ 2018 ድረስ ግን መንገዱ አልተቋረጠም። ብዙዎች በደላላ እጅ፣ በጅቡቲ በረሃና በየመን በኩል አልፈዋል። እርግጥ ነው፣ ለመዝናናት የሄደና እንጀራ ፍለጋ የሄደ እኩል አይደለም፤ አንዱ ሲሻው ይመለሳል፣ ሌላዋ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ድፍረቱን ከለካን ግን በእነዚህ ሴቶች ፊት የሮኪ ተራራ ጋላቢዋም ታንሳለች።

የእነሱ ታሪክ የሚደርሰን በዜና ነው፤ አስከሬን ሲመጣ፣ ሰው በገፍ ሲባረር። በመካከል ያለው አይነገርም፦ ለደላላው ስንት ተከፈለ፣ ውሉ ላይ ምን ተጽፎ ነበር፣ የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ታለፈ፣ ሌላ ሐበሻ የት ተገኘች፣ ደመወዝ ሲከለከል ማን ረዳ? መርፊና ዴቪድሰን ለአንባቢያቸው የሰጡት ልክ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነው። አንዲት ልጅ ከመነሣቷ በፊት ይህን ብታነብ፣ ወይ በዕውቀት ትሄዳለች፣ ወይ በዕውቀት ትቀራለች። ሁለቱም ድል ነው።

ስለዚህ አሳታሚዎቻችን የውጭዎቹን የጉዞ መጻሕፍት በአማርኛ ቢያስተረጉሙልን መልካም ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ከዓረብ አገር የተመለሱትን ሴቶች ፈልገው ያናግሩ። መጻፍ የሚከብዳት ብትኖር እሷ ትናገር፣ ሌላ ሰው ይጻፍላት፤ ስሟና ድካሟ ግን የራሷ ይሁን። ስትሄጂ ደብተር የያዝሽ እህቴ ደግሞ ማስታወሻሽን አትጣዪው። ከኋላሽ የምትመጣው ልጅ ትፈልገዋለች።