የወለቃ ሸክላ ዕድሜ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ ከተማዋን ለቆ ብዙም ሳይርቅ ወለቃ ይደርሳል። በመንገዱ ዳር የሸክላ ምስሎች ተደርድረዋል፤ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ አንበሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ አንድ አልጋ ላይ የተጋደሙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ለጎብኚ የሚነገረው፣ ከጥንት ጀምሮ የወረደ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ጥበብ መሆኑ ነው።

ሸክላ ሥራው በእርግጥ የቆየ ነው። ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ አንጠመቅም ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ርስት እንደተነፈጉ ይነገራል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ያድራል፤ ወንዱ ወደ ወናፉና ወደ ሸማው፣ ሴቷ ወደ ጭቃው ሄዱ። እንስራውን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን ለክርስቲያን ጎረቤት የምትሠራው እሷ ነበረች። ጎረቤቷ በድስቷ ወጥ እየሠራ «ቡዳ ናት» ብሎ ዓይኗን ይፈራ ነበር።

ምስሎቹ ግን ከመቼ ጀምሮ ናቸው? ጥያቄውን የያዙት ስቲቨን ካፕላንና ኻይም ሮዘን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ የፈረንሳይ የአፍሪካ ጥናት መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ምስሎቹ የጥንት ቅርስ ሳይሆኑ ከውጭ እንግዶች መምጣት ጋር ያደጉ የቅርብ ጊዜ ሥራ ናቸው የሚል ነው።

ነገሩን ያየ ሰው ፍንጩን ራሱም ያገኘዋል። ቤተ እስራኤል ኦሪትን አጥብቆ የያዘ ሕዝብ ነው፤ የኦሪት ሁለተኛ ትእዛዝ ደግሞ የተቀረጸ ምስል አታድርግ ይላል። ገበያውንም አስቡት። የጎንደር ባልቴት የሸክላ አንበሳ ምን ያደርግላታል? የምትገዛው ጀበና ነው። ጋን ተሸክሞ አውሮፕላን የማይሳፈረው እንግዳ ግን በሻንጣ የሚገባ ትንሽ ነገር ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም እስራኤላዊነትን የሚመሰክር ነው። ሴቶቹ ይህን ተረዱ። ድስት የሚያበጁ ጣቶች ቄሱን፣ ኮከቡን፣ ንግሥቲቱን ማበጀት ያዙ።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋል። እኔ ግን ከዕድሜው ይልቅ ፈጠራው ይበልጥብኛል። ለንጽጽር ያህል፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጅ የሆነችው ኤሚሊ ካሜ እንግዋሬይ በሸራ ላይ መሳል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሰባ ዓመት ከሞላት በኋላ ነበር። ሸራውና ቀለሙ ለአገሯ ሰው አዲስ ነበሩ፤ እሷ ግን የአገሯን ምድርና ሥርዓት ሳለችበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ስትሞት በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች ትታ ነበር፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተሽጧል። አዲስ ስለሆነ ሐሰት ነው ያለ የለም። ሥዕሉ በስሟ ይጠራል።

የወለቃዋ ሴት ዕጣ ሌላ ሆነ። ምስሏ ባሕር ተሻግሮ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ብዙ ጊዜ ይጻፍ የነበረው «ፈላሻ፣ ኢትዮጵያ» ነበር፤ ሌሎች ለሕዝቧ የሰጡት ስም፣ ያውም ራሷ የማትወደው። ትናንት ቡዳ ተብላ የተፈራችው፣ በኋላም የጥንት ዘመን ቅሪት ተብላ የተደነቀችው ሴት፣ እንደ አንዲት ሠዓሊ ወይም ቀራፂ ስሟን አልተጠየቀችም። ከመደነቁ ይልቅ መጠየቁ ይሻላት ነበር።

ከዚያ መንደሩ ከቤተ እስራኤል ባዶ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙዎች፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከሄዱት ሸክላ ሠሪዎች አንዳንዶቹ እዚያም ጭቃ ማበጀታቸውን ቀጥለዋል። ወለቃ ላይ ኮከቡን ዛሬ የሚቀርፁት በአብዛኛው የቀሩት ጎረቤቶች፣ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው።

በዚያ የምታልፉ ከሆነ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሠሪዋን ስሟን ጠይቁ። ከምስሉም ሥር ጻፉት።