መጽሐፉ ያለው አራት ኪሎ፣ አንባቢው ያለው የካ

«ምን አዲስ መጽሐፍ አለ? የትስ ሄደን እናንብበው?» ሲሉ ብዙ ጓደኞቻችን ጠይቀውናል። ጥያቄውን በጥቂት መስመር መልሰን ወደ ስፖርቱ ገጽ ልናልፍ አስበን ነበር። ነገር ግን የንባብ ቤቶቹን አንድ በአንድ እየዞርን ባየን ጊዜ ነገሩ በጥቂት መስመር የሚያልቅ ሆኖ አላገኘነውም። ይልቁንም እኛ በየካ በኩል የምንኖረው፣ ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ያለነው፣ ስለ መጽሐፍ ከማሰባችን በፊት ስለ ታክሲ ማሰብ ግድ ይሆንብናል።

በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጠው በአራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። የተመረቀው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወጪው ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ እንደ ሆነ፣ በአንድ ጊዜም ከ2,000 የማያንሱ ሰዎችን እንደሚያስተናግድ ተነግሮለታል። ስሙ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ማብራት፣ ብርሃን መስጠት ማለት ነው። ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለው፤ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይና ውይይትም በየጊዜው ይደረግበታል። በተከፈተበት ጊዜ ሕዝቡ መጽሐፍ እንዲለግስ ጥሪ ተደርጎ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው መደርደሪያ አውርደው ሰጥተዋል። ስለዚህ አንዱን መጽሐፍ ገልጠው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የማያውቁት ሰው ስምና ፊርማ ቢያገኙ አይገረሙ።

ከኮተቤ የሚነሣ ተማሪ ወደዚያ ለመድረስ አንድ ታክሲ እስከ መገናኛ፣ ሌላ ታክሲ ደግሞ ከመገናኛ እስከ አራት ኪሎ መያዝ አለበት። መመለሻውም እንዲሁ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለስ ሰው የታክሲውን ሒሳብ በወር ቢደምረው የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ሆኖ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልብ ብለናል፤ ይህም በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በከተማችን የንባብ ቤቶች ሁሉ የሚታይ ነው። ወንበሩ ይሞላል፣ መደርደሪያው ግን አይነካም። አብዛኛው ወጣት የሚያነበው ከቤቱ ይዞ የመጣውን ደብተርና የፈተና ጥያቄ ነው። የመጣው ጸጥታና ጠረጴዛ፣ መብራትም ፍለጋ ነው። ይህን ስንል ልንነቅፈው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ይህን ቁጥር እየሰማ ያደገ ልጅ ልብ ወለድ ይዞ ሊቀመጥ ቢሳቀቅ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ አንድም ነገር ሳያነብ የመጣ ልጅ፣ በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛውን ረጅም ምንባብ በተሰጠው ሰዓት ውስጥ እንዴት አንብቦ ይጨርሰዋል? የፈተናው ውድቀት በፈተናው ዓመት የተጀመረ አይመስለንም።

አዲስ ስለሚወጣው መጽሐፍ ለሚጠይቁን፣ በሕግ ረገድ መልሱ ወመዘክር ነው። ይህ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 መሠረት መዛግብትንም አንድ ላይ ይዞ ይገኛል። ባገራችን መጽሐፍ የሚያሳትም ሁሉ ከሚያሳትመው ላይ ቅጂ ለዚህ ቤት እንዲያስገባ በሕግ ይገደዳል። እንግዲህ ከሱቅ የጠፋ፣ አዟሪም የማያውቀው መጽሐፍ ሲፈለግ መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው እዚያ ነው። የድሮ ጋዜጦችም አሉ። ከመዛግብቱ መካከል 12 የሚሆኑት እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ሰነዶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ አንዱ ነው። በዚሁ ቤት አዳራሽ ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው ማኅበር ለብዙ ዓመታት የእሑድ ከሰዓት የመጽሐፍ ውይይት ሲያካሂድ ቆይቷል። አንድ መጽሐፍ ይመረጣል፤ አንድ ሰው ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹ ይከራከራል። እንዲህ ያለውን ውይይት አንድ ጊዜ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሳያነብ በመምጣቱ ማፈሩ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንብቦ ይመጣል።

በስድስት ኪሎ ስላለው ስለ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ብዙ አንልም፤ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ የታወቀ ነው። በዚያው ግቢ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግን የመመረቂያ ጽሑፍ እስኪታዘዝ ድረስ ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ነው። ስለ ኢትዮጵያ በየቋንቋው የተጻፈው፣ የብራናውም ጭምር፣ እዚያ ተሰብስቧል። ለምሳሌ የእኛው ታላላቆች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ምን አስበው ምን እንደ ጻፉ ለማወቅ የሚፈልግ ጓደኛ፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን መጽሐፍ ይጠይቅ። ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ይሁን እንጂ እንደዚህ ያለ የተማሪ መጽሔት በዚያን ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ከዚያ የተሻለ የሚነግረን አላገኘንም።

እስካሁን የጠራናቸው ሁሉ ከየካ ውጭ መሆናቸውን አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም። ስለዚህ አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ፤ ይኸውም ወደ ሾላ።

ሾላ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ገበያውን ነው፤ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ የዶሮውን ጩኸት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ በሾላ ስም የተጠራ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶ ነበር። የከፈቱት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በነገሌ ቦረና ያደጉ ሲሆኑ፣ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደ ነበረና እሱም ተራ የፍቅር ልብ ወለድ እንደ ነበረ ራሳቸው ተናግረዋል። በኋላ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። እዚያ ለልዩ ልዩ አገር ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲገዛ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢፈልጉ ማግኘት አቃታቸው። ከዚህ የተነሣ ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለ ማሞ የሚያወራ የተረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከደራሲዋ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነውም ማኅበር አቋቋሙ። በመጨረሻም ሥራቸውን ትተው፣ በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ይዘው ወዳገራቸው ተመለሱ።

ቤተ መጻሕፍቱን የከፈቱት በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት ነው። ሕንፃ አልተሠራለትም፤ ሪባንም የቆረጠ ባለሥልጣን ስለ መኖሩ አልሰማንም። የሠፈሩ ልጆች ግን ጎረፉ። ቆይተውም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ መሄድ ጀመሩ፤ ለዚህ ሁሉ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። እኛን የገረመን ሽልማቱ አይደለም። የገረመን አህያዋ ናት። መጽሐፉ ወዳለበት ልጁ እንዲመጣ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ልጁ ወዳለበት መጽሐፉን መላክ ይቻላል የሚለው አሳብ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ፣ እስከ ዛሬ በየካ ዳገት ላይ አንድ ጋሪ አላየንም።

ስለ ዳገቱ ካነሣን ዘንድ፣ በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ጧት በእግሩ የወጣ ሰው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን አይቷል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ብዙ ሰው ለሽርሽር ወደ ላይ ሲወጣ፣ እነሱ ዛሬም ወደ ታች ይወርዳሉ። ባሕር ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ነው። ይህ ዛፍ በብራዚልና በፖርቱጋል የወረቀት ፋብሪካዎችን የሚመግብ ነው፤ እኛ ግን እንጀራ እንጋግርበታለን፣ የሕንፃ መወጣጫም እናቆምበታለን፤ የመጽሐፍ ወረቀት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ከውጭ እናስመጣለን። የመጽሐፍ ዋጋ እንዲህ ሰማይ የወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የጭራሮ ተሸካሚዋ ልጅ መጽሐፍ ይግዛ ማለት ቀልድ ነው። ወይ ይዋሳል፣ ወይ አያነብም።

መዋሱ ላይ ነው እንግዲህ ችግሩ። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችን የተለመደው መታወቂያ አሳይቶ፣ ቦርሳ በር ላይ አስረክቦ ገብቶ እዚያው ማንበብና መጽሐፉን መልሶ መውጣት ነው። በየወረዳው የወጣት ማዕከላት ያሉት ትንንሽ የንባብ ክፍሎችም ከዚህ ብዙ አይለዩም። ስሙን በማንጠራው በአንዱ ቤት እኛ ራሳችን አንድ መጽሐፍ ጠይቀን «አለ፤ ነገር ግን የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘችው ልጅ ዛሬ አልመጣችም» ተብለን ተመልሰናል። መጽሐፉ እንዳይጠፋ ተብሎ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ የሚሰርቅ አለ፣ ገጽ የሚቀድም አለ። ሆኖም በዚችው ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ መጽሐፍ ዘርግተው ጥቂት መያዣ እየተቀበሉ ልብ ወለድ የሚያከራዩ ሰዎች እንደ ነበሩ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እነዚያ ሰዎች ደመወዝም፣ ማኅተምም፣ ዘበኛም አልነበራቸውም፤ መጽሐፋቸው ግን እየሄደ ይመለስ ነበር። የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» በ2008 ዓ.ም. እንደ ወጣ ያየ ሰው ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ወፍራም መጽሐፍ በንባብ ቤት ወንበር ላይ፣ ሰዓት እየተመለከቱ፣ የታክሲ ሰልፍ እያሰቡ መጨረስ አይቻልም። ማታ በቤት፣ ሌላው ሲተኛ፣ በትንሽ መብራት የሚነበብ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለመሞከር አስበናል። ማኅበራችን 40 ያህል መጽሐፍ የሚይዝ አንድ የእንጨት ሣጥን ያሠራል። ሣጥኑ አንድ ወር በአንዱ ወረዳ የወጣት ማዕከል፣ አንድ ወር በሌላው ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ከፈረንሳይ በላይ ካለው ዳገት ይጀምራል። ተዋሹ ስሙንና ሠፈሩን በደብተር ይጽፋል፤ መያዣ አይጠየቅም፤ የሚዋሰውም ለ15 ቀን ነው። አንድ ሦስተኛው መጽሐፍ የጠፋ እንደ ሆነ በዚሁ ገጽ ላይ ሳንደብቅ እንናገራለን።

መጽሐፍ መስጠት የሚፈልግ ጓደኛ ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ማታ ያስረክብ። የፈተና ጥያቄና መልስ አንቀበልም፤ እሱ በየቦታው አለ። የሕፃናት ተረት፣ ልብ ወለድ፣ ታሪክና የጉዞ መጽሐፍ እንፈልጋለን። ሽፋኑ የተገነጠለም ቢሆን ይምጣ፤ ሙጫና ክር አለን።