ሕክምናም ሹራ ይሻል

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ስሙን እንኳ ለመጥራት ስለምንፈራው ስለ ካንሰር፣ በተለይም ባለሙያዎች ተመካክረው በጋራ ሲያክሙት ስለሚገኘው ጥቅም እንነጋገራለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደ ነግረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። ስለዚህ መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ሰበብ ማድረስ ነው። ሰበቡም ቅደም ተከተል አለው።

ለምን በጋራ?

ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ሁለት እናቶች ጡታቸው ላይ እብጠት ቢያገኙ እንኳ የበሽታቸው ጠባይ ሊለያይ ይችላል። ከእብጠቱ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና መርምሮ ዓይነቱን የሚለየው የፓቶሎጂ ባለሙያው ነው። እስከ የት እንደተሰራጨ የሚያሳየው የራጅና የሲቲ ስካን ባለሙያው ነው። ቀዶ ሐኪሙ ያወጣል፤ የካንሰር ሐኪሙ ኬሞቴራፒና ጨረር ያዛል፤ ነርሷና ፋርማሲስቱ በየዕለቱ ይከታተላሉ።

እነዚህ ሰዎች ካልተነጋገሩ ጉዳቱ በታማሚዋ ላይ ነው። ለምሳሌ እብጠቱ ትልቅ ሲሆን አንዳንዴ ኬሞቴራፒው ቀድሞ ካሳነሰው በኋላ ቀዶ ሕክምናው ይከተላል። ሳይመካከሩ ቢላዋ ከቀደመ ይህ ዕድል ያልፋል። በናሙናው ላይ የሆርሞን ምርመራ ካልተደረገም፣ እንደ ታሞክሲፌን ያለ ለዓመታት የሚዋጥ ክኒን ይጠቅማት እንደሆነ አይታወቅም። ለዚህ ነው ሐኪሞች አንድ ክፍል ተቀምጠው የአንዲትን ታማሚ ጉዳይ የሚመክሩበት ‹ቲዩመር ቦርድ› የተባለ ስብሰባ ያለው። ቁርኣን ጉዳያቸውን በሹራ የሚፈጽሙ ምእመናንን ማወደሱን እናስታውስ።

በከተማችን

በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው አገር ብቸኛው ማዕከል ነበር፤ በኋላ ጅማን የመሳሰሉ ከተሞች ተጨምረዋል። ወረፋ በበዛበት ቦታ የጠፋ አንድ ወረቀት የሳምንታት መዘግየት ያመጣል።

የቂርቆስ ነዋሪ የሆነች እናት ጉዞዋ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ግል ላቦራቶሪ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር አንበሳ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ በር ታሪኳን እንደ አዲስ ትናገራለች። ድሮ የካዛንቺስ ሰው ሲታመም ጎረቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ ዕድሩ ይጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤተሰቦች ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ከተማዋ ዳር ሲሄዱ ግን ጎረቤት ተበታተነ፤ ሆስፒታሉም ራቀ። ስለዚህ ቡድኑ በሐኪም ብቻ አይሞላም። ቤተሰብና ጀመዓም የቡድኑ አካል ናቸው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ። የምርመራ ውጤቶችን በአንድ ፋይል ይያዝ፤ የቀጠሮ ቀኖችን ይጻፍ፤ የናሙናው ስላይድም እንዳይጠፋ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝ ‹የናሙናው ውጤት ደርሷል? የካንሰር ሐኪም አይቶታል?› ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሩቅያ ማስቀራትና ዘምዘም መጠጣት መልካም ነው፤ ሕክምናን ግን አያስቀርም። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የሚወሰድ ቅጠል ካለ ለሐኪሙ ይነገር፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላልና። ፀጉር ረገፈ ወይም ተሻለኝ ተብሎ ሕክምናው በመሐል አይቋረጥ።

አራተኛ፣ እኅቶች በሐያእ ምክንያት አይዘግዩ። ሴት ሐኪም ከተገኘች ትቅደም፤ ካልተገኘች ዑለሞች በችግር ጊዜ ወንድ ሐኪም እንዲያክም ፈቅደዋል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ በአገራችን ይመከራል። ለልጃገረዶችም ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክትባት ይሰጣል።

ኢማሙም የቡድኑ አካል ነው

ታማሚ በረመዳን መጾም ይከብደው እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሰግድ፣ ዉዱእ ካልቻለ ተየሙም ማድረግ ይችል እንደሆነ የሚያስረዳው ዓሊም ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ‹የሚያሰክር ነው› ብለው ሞርፊን ይከለክላሉ። ሐኪም በልክ ሲያዝ ለሕመም ማስታገሻ መጠቀም እንደሚፈቀድ ዑለሞች አስረድተዋል፤ ታማሚን በስቃይ መተው ሶብር ማስተማር አይደለም። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚሠራው ሆስፒስ ኢትዮጵያም ታማሚዎችን በቤታቸው እየጎበኘ ሕመማቸውን ያስታግሳል።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሩፈይዳ የተባለች ሶሓቢያ በመስጂዱ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ታክም እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። የመስጂዶቻችን ጀመዓዎች ለትራንስፖርት፣ ለመድኃኒት መግዣና ለዚያራ ቢደራጁ ይህንኑ መንገድ መከተል ነው።

አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፤ ለአስታማሚዎች ብርታቱን፣ ለሐኪሞቻችን ጥበቡን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።