ዘፋኝ አልጎደለውም

«ላላ በሉ» እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አልበም ነው። ስድስት ሙዚቃዎች አሉት። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድና አኮርዲዮን ይጫወታሉ፤ ቤዙን ማይክ ማይኮቭስኪ፣ ድራሙን ቶኒ በክ ይዘውታል፤ ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው። የዋሊያስ ባንዱ ኦርጋን ተጫዋች አዲስ ሥራ ይዘው ብቅ ሲሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ለማስተዋወቅ ይኸው ይበቃል። የቀረው ሙግት ነው።

ሙግቴ «ክላሲካል» ብለን የምንጠራውን ዘፋኝ አልባ ሙዚቃ ዘፋኙ እስኪመጣ የሚያቆየን አድርገን ከምንቆጥረው ከሁላችንም ጋር ነው። ምግቡ እስኪቀርብ እንደሚታደል ቆሎ! ዜናው ሊገባ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ክላሲካል ይለቀቃል። ማስታወቂያ ይነበብበታል፣ የሠርግ ንግግር ይደረግበታል፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይጎርፍበታል። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከዋሊያስ ሙዚቃዎች አንዱ በሬዲዮ መጣ። ኦርጋኑ ዜማውን ከፍ አድርጎ ይዞ ሊያወርደው ሲል አቅራቢው «በለስላሳ ሙዚቃ አቆይተናችሁ ነበር» ብሎ ቆረጠው። የተጫዋቾቹን ስም እንኳ አላነሳም። የዘፋኝ ድምፅ ቢሆን ኖሮ መሀል ቃሉ ላይ አይቆርጠውም ነበር፤ ኦርጋንም መሀል ቃል እንዳለው ስለማያስብ ነው።

አለው እኮ። የአልበሙን መጀመሪያ «ትዝታ»ን ይክፈቱና አኮርዲዮኑን ብቻ ይከተሉ። ፒያኖ አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ መክሰም እንጂ ማደግ አያውቅም። የአኮርዲዮን ድምፅ ግን ቁልፉ ከተነካ በኋላም ገና በተጫዋቹ እጅ ነው፤ ግራ ክንዱ ወናፉን ሲስብና ሲገፋ እንደ ሹክሹክታ ጀምሮ ሊጎላ፣ ጎልቶም ድንገት ሊዋጥ ይችላል። ወናፉ አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ደግሞ ትንፋሽ ነው። ጀማሪ ተጫዋች አየሩ ባለቀበት ቦታ ይቀይራል፤ ዜማው ተቆራርጦ ይቀራል። ጋሽ ኃይሉ ዘፋኝ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ፣ ስንኙ ሲያልቅ ይቀይራሉ። ጆሯችን ስንኙን ስለሚያውቀው ቃል ሳይሰማ ግጥም ይሰማል።

ትዝታን ያየን እንደሆነ የአንድ ሰው ግጥም የለውም። ዜማው አንድ ሆኖ ዘፋኙ ሁሉ የወደደውን ስንኝ ያስገባበታል። ዘፋኙ ሲወጣ ቦታው ባዶ አይሆንም፤ አድማጩ የራሱን ይዞ ይገባል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው በዚያው ዜማ ውስጥ የሚሰማው ስንኝ ከኔ የተለየ ነው፤ ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ዘፋኝ ቢኖር ለሁለታችንም ይመርጥልን ነበር።

ኦርጋን ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጣት ቢጠነክርም ቢላላም ድምፁ ያው ነው፤ ወናፍ የለም። ስለዚህ ጋሽ ኃይሉ ዜማውን የሚያናግሩት በሌላ መንገድ ነው፦ ዋናውን ድምፅ ከመንካታቸው በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ አንዱን ድምፅ ቶሎ ቶሎ እየደጋገሙ ያርገበግባሉ፤ ከመጨረሻው ላይ ሳይጎትቱ እጃቸውን ያነሳሉ። «ቁልፍ ያለው መሣሪያ የኛን ቅኝት አይችልም፤ እንደ ማሲንቆ አይንሸራተትም» የሚሉ ሰዎች አሉ። መንሸራተቱ እውነት ነው፣ አይችልም። ነገር ግን ተጠጋግተው የተቀመጡት ድምፆቹ ራሳቸው የሚያስቸግሩትን «አንቺ ሆዬ ለኔ»ን በዚህ አልበም ሰምተው ይፍረዱ።

አሁን ታሪኩን ባጭሩ። ጋሽ ኃይሉ በሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አለፉ፤ የጀመሩትም በአኮርዲዮን ነው። ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ አኮርዲዮኑ ወደ ጥግ ተገፋ። ዋሊያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወተ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበርና በጊዜ ያልወጣ እንግዳ እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም አብሮት። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ያለበት ባንድ በዘፈን ብቻ አይዘልቅም። ደግሞም ግጥም ለሳንሱር ይቀርባል፤ ኦርጋንን ምን ብለህ ትሰርዘዋለህ? እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ተጫውተውበታል።

በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለትርኢት ሄደ። ገሚሱ ተመለሰ፤ ጋሽ ኃይሉን፣ ግርማ በየነንና ሳክስፎን ተጫዋቹን ሞገስ ሀብቴን ጨምሮ ገሚሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ጋሽ ኃይሉ ለብቻቸው አንድ ካሴት ሠሩ፤ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ጥግ የቆየው አኮርዲዮን ተመለሰ። ያንን ካሴት ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው፤ ከዚያ የመድረክ ግብዣው መጣ።

እዚህ ላይ የፈረንጅ ጋዜጦች ሁሉ ስለ ታክሲው ይጽፋሉ። አዎ፣ ጋሽ ኃይሉ በዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ለዓመታት ታክሲ ነድተዋል። ዋሽንግተን ላለ ሐበሻ ይህ ምን ዜና ነው? መሐንዲሱም፣ መምህሩም፣ መኮንኑም ነድተዋል። ዜናው ከመኪናው ኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፦ ኪቦርድ ነበረ። ተራ እስኪደርሳቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። መድረክ የለም፣ ቀረጻ የለም፣ የሚጠብቅ አድማጭ የለም፤ ጣት ግን ሥራ አልፈታም። «ተረስተው የተገኙ» የሚለው አነጋገር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። የረሳው ሌላው ሰው ነው። ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም፤ ግርማ በየነም በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ይዘው ተመልሰዋል።

ወደ «ላላ በሉ» ስመለስ፣ ሦስት ሰው ብቻ መሆኑ ያስደስተኛል። ዋሊያስ ውስጥ ጊታሩና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሸክም ይጋሩ ነበር፤ እዚህ ዜማው ሁሉ የጋሽ ኃይሉ ነው፤ መደበቂያ የለም። «የፍቅር እንጉርጉሮ» ላይ ደግሞ ቤዙም ድራሙም ወጥተው ፒያኖ ብቻ ይቀራል። ያ የማያድግ፣ መክሰም ብቻ የሚያውቅ ድምፅ። አኮርዲዮንን ካመሰገንኩ በኋላ ይህንን ማለቴ ያስቃል፤ ግን ከስድስቱ አብልጬ የምሰማው እሱን ነው። ድምፁ ሳይከስም ቀጣዩን ስለሚያደርሱበት ዜማው አይበጠስም።

አልበሙን የወደደ ሰው በ2020 ወደ ወጣው «የኔ ምርጫ» ይለፍ። እዚያ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ይዘው መጥተዋል፤ የሂልተን ባልደረቦቹ እንደገና አንድ ሥራ ላይ ናቸው። የሰጠኝ አጥናው ማሲንቆም አለበት። ቁልፍ ያለው መሣሪያ አይናገርም የሚሉት ሰዎች ማሲንቆውንና ኪቦርዱን ጎን ለጎን አግኝተዋል፤ ሰምተው ይምጡና እንከራከር። እስከዚያው ግን ሙዚቃው ሳያልቅ ዜና አታስገቡበት፤ ካለቀም በኋላ የተጫወተው ማን እንደሆነ ንገሩን።