ከዝናብ ሽታ እስከ ቲቢ ኪኒን

በጋው አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው፣ ከአርሲ ነገሌ እስከ ኩየራና ሻሸመኔ ያለ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ደስ የሚል የአፈር ሽታ ይመጣል። የዚህ ሽታ ዋነኛ ምንጭ ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በብዛት የሚያመነጩትም አክቲኖማይሴት የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ክብ ወይም ዘንግ መሰል ናቸው። እነዚህ ግን እንደ ሻጋታ ቀጫጭን ክር እየሠሩና ቅርንጫፍ እያወጡ በአፈርና በሐይቅ ደለል ውስጥ ይዘረጋሉ። ከዚህ የተነሳ የቀድሞ ተመራማሪዎች ከፈንገስ ጋር ይመድቧቸው ነበር። የወደቀ ቅጠልና ገለባ አፍርሰው ለአፈሩ ምግብ ስለሚያደርጉት የገበሬው ባለውለታ ናቸው።

ምግብ ሲያጥርባቸው ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ላይ ክር ያወጣሉ። የክሩ ጫፍ ተከፋፍሎ እንደ ሙስበሃ ፍሬ የተደረደሩ ስፖሮች ይሆናል። ስፖር እንደ ዘር ነው፤ ድርቁን ታግሶ ይቆያል፣ ነፋስ፣ ውኃና ጥቃቅን ነፍሳት ያዛምቱታል፣ እርጥበት ሲያገኝ ዳግም ይበቅላል።

በአፈር ውስጥ ተሻሚው ብዙ፣ ምግቡ ጥቂት ነው። ስለዚህ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሌሎችን የሚገቱ ኬሚካሎች ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ በሰልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አልበርት ሻትዝ ከእነዚህ ዝርያዎች ከአንዱ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። ቲቢን በሚገባ የተዋጋ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የጣልያን ተመራማሪዎች ከደቡብ ፈረንሳይ በተወሰደ አፈር ውስጥ ሌላ ዝርያ አገኙ፤ ከእርሱ ከተገኘው ንጥረ ነገርም ቆይቶ ሪፋምፒሲን ተሠራ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው የቲቢ ሕክምና ዋና ምሰሶ ይኸው ነው። የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ለረጅም ዘመን ሲታከሙባት በኖረችው ሻሸመኔም እንግዳ አይደለም፤ የሥጋ ደዌም መድኃኒት ነውና።

ታዲያ ይህን ጸጋ የሚያበላሸው ማቋረጥ ነው። መደበኛው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ቀንሶ፣ የምግብ ፍላጎት ሲመለስ «ድኛለሁ» ብሎ የሚተው አለ። ነገር ግን ያልሞቱት ተህዋስያን መድኃኒቱን ሊለምዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል፣ የተላመደው ተህዋሲም ወደ ቤተሰብ ይዛመታል።

መድኃኒቱን የሚወስዱ እነዚህን ይወቁ፦

• ሽንትና ላብ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቢሆን አይደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

• የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ኃይል ስለሚቀንስ እናቶች ለባለሙያ ይንገሩ።

• ረመዳን ሲገባ በራስዎ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጡ፣ ሰዓቱንም አይቀይሩ። ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ተፈቅዷል፤ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

በመጨረሻም መድኃኒቱ ከአፈር ተገኘ ማለት አፈር መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ቁስል ላይም ሆነ በሕፃን እትብት ላይ አፈር አይደረግም፤ የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋሲም የሚኖረው እዚያው አፈር ውስጥ ነው።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን!