አዝራሩ አማርኛም እንግሊዝኛም አያውቅም

«አማርኛ የተጫነበት ኮምፒውተርና ድሮዊንግ ታብሌት አይስማሙም፤ አዝራሮቹን ያሳብዳቸዋል።» ወሬው ይኸው ነው። የሠርግ ካርድ፣ የባነርና የቲሸርት ሥራ በሚሠራበት ቤት ሁሉ ይህን የሚያወራ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ወልድያ የሰማውን መርሳ የሚያደርስ፣ ከመርሳ ሐራ የሚያሻግር አለ። ወሬ ደግሞ በመንገድ ያብጣል። «አይስማማም» የነበረው «ቫይረስ ነው» ይሆናል፤ ቀጥሎ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። በመጨረሻ ምንም ያልሆነው ታብሌት ካርቶኑ ውስጥ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል።

ወሬውን የወለደው ነገር ግን ፈጠራ አይደለም። ክሪታ በተባለው ነፃ የሥዕል ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ብሩሽ ሊያነሳ የታብሌቱን አዝራር ይጫናል፤ ብሩሹ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ለሌየሩ ስም በአማርኛ እየጻፈ ሳለ ክርኑ አዝራሩን ነካ ካደረገው ደግሞ «ሰማይ» ያለው ስም «ሰማይብ» ሆኖ ያርፋል። ብዙው ሰው ይህቺን «ብ» አጥፍቶ ሥራውን ይቀጥላል። ባያጠፋት ይሻል ነበር፤ የነገሩ ሁሉ ማስረጃ እሷ ናትና።

ስለ ቃል አንድ ነገር ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ቁልፍ» የበሩም፣ የኪቦርዱም፣ የሸሚዙም ነው። «ታብሌት» ሲባልም ሕፃናት ካርቱን የሚያዩበት ይታሰባል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቁልፍ» የኪቦርድ ብቻ፣ «አዝራር» ደግሞ ከሥዕል ሰሌዳው ጎን የተደረደሩት መጫኛዎች ናቸው። የማይስማማው አርታኢ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ግን ለዚህ ሁሉ ግራ መጋባት ድርሻ አለው።

ብዕሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰሌዳው የእጅን ጫና እንዴት እንደሚለካ ለሌላ ቀን ይቆይ። ጉዳዩ አዝራሩ ነው። ከታብሌቶች ብዙዎቹ፣ በተለይ ርካሾቹ፣ ሲሰኩ ለኮምፒውተሩ ራሳቸውን እንደ ሁለት ዕቃ ያስተዋውቃሉ፦ አንድ ብዕር፣ አንድ ኪቦርድ። «መልስ» ተብሎ የተሠራው አዝራር ሲጫን በተለመደው የዩኤስቢ ኪቦርድ ደንብ መሠረት ስምንት ባይት ይላካል፦ 1፣ 0፣ 29፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0። ፊት ያለው 1 «ግራ ኮንትሮል ተይዟል» ማለት ነው። 29 ደግሞ በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ዜድ የተጻፈበት ቁልፍ ያለበት ቦታ ነው። ቦታው ነው እንጂ ፊደሉ አይደለም። በስምንቱ ባይት ውስጥ የላቲንም የግዕዝም ፊደል የለም።

ሊነክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ይህን 29 ተቀብሎ በራሱ መዝገብ 44 ይለዋል። ኤክስ የተባለው የቆየው የማሳያ ሥርዓት በ44 ላይ 8 ደምሮ 52 ያደርገዋል። አንዱ ቁልፍ በሦስት ቤት ሦስት ስም አለው ማለት ነው፤ በእናት ቤት አንድ፣ በአባት ቤት ሌላ፣ በክርስትና ሌላ እንደሚጠራ ልጅ። ነገሩን የሚያከፋው ሊነክስም የራሱ 29 ያለው መሆኑ ነው፤ የእሱ 29 ዜድ ሳይሆን ግራ ኮንትሮል ነው። ስለዚህ «ይህ አዝራር 29 ይልካል» ብሎ ያለፈ ሰነድ ምንም አልነገረንም። የማን 29?

ቁጥሩ ወደ ፊደል የሚለወጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በኪቦርድ አቀማመጥ ሠንጠረዥ ነው። ባቡር ለሚያስብ ሰው ሐራ ገበያ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመጣው ሐዲድ ከእሷ ወዲያ ወደ መቀሌና ወደ ሰመራ እንዲከፈል ነው የታቀደው። ፉርጎው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው መገንጠያው ላይ ያለው ምላስ እንጂ ፉርጎው አይደለም። 52 ቁጥርም እንደዚያው ነው፦ ምላሱ ወደ እንግሊዝኛ ከዞረ ዜድ፣ ወደ አማርኛ ከዞረ የእኛ ፊደል ይሆናል። ጀርመናዊው አቀማመጡን ወደ አገሩ ሲያዞር ያው ቁልፍ ዋይ ይሰጠዋል፤ ፈረንሳዊው ደብልዩ ያገኛል። እነሱም ዕቃው ፎርጅድ ነው ይበሉ?

በኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም። ጣት ቁልፉን ሲመታ የብረቱ ክንድ ተነሥቶ የተቀረጸበትን ምልክት ወረቀቱ ላይ ያትማል፤ ቁልፍና ምልክት በብረት የታሰሩ ነበሩ። ኮምፒውተር ያንን ክንድ ቆርጦ በቦታው ሠንጠረዥ አስገባ። ፓወር ግዕዝን በመሰሉ ፕሮግራሞች ጣቱን ያፍታታ የኅትመት ባለሙያ ይህን በተግባር ያውቀዋል፤ ኪቦርዱ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሌላ ነው። ያንኑ እውቀት ወደ ታብሌቱ አዝራር ማሻገር ብቻ ነው የቀረው።

አዝራሮቹን ወደሚያብራራው ሰነድ እንምጣ፤ ጸሐፊዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚያ ነው። የዋኮም ታብሌትን አዝራር በሊነክስ ለማስተካከል ኤክስሴትዋኮም የተባለ ትእዛዝ አለ። «አዝራር 1፣ ኮንትሮል ያዝ፣ ዜድ ምታ፣ ኮንትሮል ልቀቅ» ብሎ የሚነግረው ሰው ዜድ የተመዘገበ ይመስለዋል። ትእዛዙ ግን በዚያች ደቂቃ በሚሠራው አቀማመጥ ዜድ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ ይፈልግና ቁጥሩን ያስቀምጣል። ጠዋት በእንግሊዝኛ የተስተካከለው አዝራር ከሰዓት ምላሱ ወደ አማርኛ ሲዞር ያንኑ ቁጥር ይልካል፤ ቁጥሩ ግን አሁን የሚያመራው ወደ ሌላ ነው።

የአዝራሮቹ አቆጣጠርም ወጥመድ አለበት። ኤክስ ከ4 እስከ 7 ያሉትን ቁጥሮች ለማውዝ መንኮራኩር ስለያዘ አዝራሮቹ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ወደ 8 ይዘልላሉ። ከላይ አራተኛ የሆነው አዝራር 8 ነው። ሊብኢንፑት የተባለው አዲሱ ግቤት ተቀባይ ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ ሳይዘልል ስለሚቆጥር ያንኑ አዝራር 3 ይለዋል። «አዝራር 4ን ተጫን» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው ታብሌቱን ቢረግም አይፈረድበትም።

ሊብዋኮም የተባለው የክፍት ምንጭ ስብስብ ይህን በብልሃት ፈትቶታል። ለእያንዳንዱ የታብሌት ሞዴል አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው። አዝራሮቹን በቁጥር አይጠራም፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ በፊደል ይሰይማቸውና የትኛው በግራ፣ የትኛው በቀኝ እንደሆነ ይመዘግባል። ለብዙዎቹም የሰሌዳውን ንድፍ ሥዕል ያያይዛል። ሰውየው የሚያየው በእጁ የያዘውን ዕቃ ነው። ሰነድ ከዓይን መጀመር አለበት፤ ቁጥሩ ይከተላል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይህኛው ትንሽ ተንኮል አለበት። በኒኮላይ ኮንድራሾቭ የተመራው ዲጂሜንድ የተባለ ፕሮጀክት ሁዮንንና መሰል ታብሌቶችን ከሊነክስ ጋር ያስማማ ሥራ ነው። ድራይቨሩ አንዳንዶቹን ታብሌቶች የስም መጠየቂያ በሚመስል ጥያቄ «123ኛው ጽሑፍህ ምንድን ነው?» ይላቸዋል። ታብሌቱ «ኤችኬ ኦን» ብሎ ይመልሳል፤ በመመለሱም ጠባዩ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ አዝራሮቹ የኪቦርድ ቁልፍ መምሰላቸውን ትተው «እኔ አንደኛ አዝራር ነኝ፣ እኔ ሁለተኛ» ማለት ይጀምራሉ። እንዲህ የሆነ አዝራር «ሰማይ» ላይ «ብ» አይቀጥልም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል፤ ባለሙያዎቹም የማይስማሙበት ቦታ ነው። በሊነክስ ላይ አማርኛ በሁለት መንገድ ይገባል። አንዱ የአቀማመጥ ሠንጠረዡን ራሱን ይለውጣል፤ ይህ በየፕሮግራሙ የአቋራጮችን ትርጉም ሊነካ ይችላል። ሌላው የጽሑፍ ሳጥን ሲከፈት ብቻ የሚነቃ ተርጓሚ ነው፤ እሱ በአብዛኛው የኮንትሮል ጥምረቶችን ሳይነካ ያሳልፋል። ኮንትሮል ዜድ እየሠራ የብሩሹ አዝራር የሚልከው ቢ ብቻውን የሚያስቸግርበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ አቋራጭ ሲፈልግ ከአማርኛው ጀርባ ተጭኖ ያለውን የላቲን አቀማመጥ ያያል፤ እዚያ ችግሩ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ዌይላንድ በተባለው አዲሱ የማሳያ ሥርዓት ላይ ኤክስሴትዋኮም ስለማያገለግል አዝራሩ የሚስተካከለው በዴስክቶፑ ሴቲንግ ውስጥ ነው።

ደግሞም ፊደሉ በትክክል ቢደርስ እንኳ ትርጉሙ የፕሮግራሙ ነው። ቢ በክሪታ ብሩሽ ያነሳል፤ በኢንክስኬፕ የቤዚየር መስመር ብዕር፣ በጊምፕ የፓዝ መሣሪያ ነው። የአዝራር ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ለአንድ አዝራር ይህን ያህል ይጻፍ፦ «በግራ፣ ከላይ ሁለተኛው፤ በሊነክስ ቁጥር 48፣ ማለትም ቢ፤ አቀማመጥ እንግሊዝኛ አሜሪካ፤ በክሪታ ብሩሽ።» አንድ መስመር ነው።

መደርደሪያ ላይ የወጣውን ታብሌት ለማውረድ የሚፈልግ ደግሞ ኢቪቴስት የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍቶ የብሩሹን አዝራር አንድ ጊዜ ይጫን። ስክሪኑ ላይ 48 ከወጣ ታብሌቱ እንደ ኪቦርድ እየሠራ ነው፤ በአማርኛ ሰዓት «ብ» የምትመጣው ከዚያ ነው። 256 ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ከወጡ አዝራሩ ራሱን እንደ አዝራር እየጠራ ነው፤ ሥራውን መስጠት የሴቲንጉ ድርሻ ይሆናል። ምንም ካልወጣ ገመዱን ነቅሎ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው።